አሮጌ ዴስክቶፕ፦ መንቀራፈፍና ከዊንዶውስ 11 መከልከል አንድ ችግር አይደሉም

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ጥያቄው ተመሳሳይ ሆኗል። «ዊንዶውስ 11 አይቀበልም ተባልኩ፤ ራም ብጨምርለት ይቀበላል ወይ?» «እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ፤ ልጣለው?» መላሽ አይጠፋም። አንዱ ራም (ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጨምር ይላል። አንዱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ምትክ የሚገባውን ፈጣን ማከማቻ፣ ግዛ ይላል። ሌላው ሽጠህ አዲስ ግዛና ተገላገል ይላል። «ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ግራ መጋባቱ የመጣው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ስለተደባለቁ ነው። አንደኛው ኮምፒውተሩ መዘግየቱ ነው። ሁለተኛው ከአዲሱ ዊንዶውስ መስፈርት ውጭ መሆኑ ነው። መጀመሪያውን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዕቃ መቀየር ይፈታዋል። ሁለተኛውን ግን፣ ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር፣ ገዝታችሁ የምትሰኩት ዕቃ አይፈታውም።

## ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ያስቀመጠው የራም መስፈርት 4 ጊጋባይት ነው። የማከማቻው ደግሞ 64 ጊጋባይት። ይህን የአሥር ዓመት ኮምፒውተር እንኳ ያሟላል። ስለዚህ ራም ጨምሮ መስፈርት ለማለፍ መሞከር ከጅምሩ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው።

የሚጥሉት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ ዕቃዎቹን ቆጥሮ ሥራ የሚያስጀምረው ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ በድሮው ባዮስ ምትክ የመጣ ሲሆን ብዙ ሰው ዛሬም ባዮስ እያለ ይጠራዋል፣ እኛም እዚህ እንደዚያው እንላለን። ሁለተኛው ቲፒኤም 2.0 ነው። ይህ የይለፍ ቃልና የምስጠራ ቁልፎችን ከቀረው ኮምፒውተር ነጥሎ የሚያስቀምጥ ትንሽ የደህንነት ክፍል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ለብቻው ቺፕ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዱ ላይ ስሌቱን ሁሉ በሚሠራው ዋና ቺፕ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ የተካተተ ነው። ሦስተኛው ማይክሮሶፍት የሚፈቅዳቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ከሁለቱ ዋና ፕሮሰሰር ሠሪዎች በኢንቴል በኩል ከጥቂት የተለዩ ሞዴሎች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ይፈቀዳሉ፤ እነዚህ ለዴስክቶፕ መውጣት የጀመሩት በ2017 መጨረሻ ነው። በኤኤምዲ በኩል በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ያሉት ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ቲፒኤም የለህም የተባለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ አለው፤ ብቻ ባዮሱ ውስጥ ጠፍቶ ነው። በኢንቴል ማዘርቦርዶች ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ሆኖ «መስፈርት አያሟላም» ከተባለ መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው። እሱ ከሆነ እዳው ገብስ ነው፤ ማብራትና ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሳት ብቻ።

## ውስጡ ያለውን ማወቅ

ሳጥኑ ፊት ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ። የሚናገረው ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ስለነበረው ነው፤ አሥር ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ ዕቃ ውስጡ ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። ደግሞም «ኮር አይ5» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። የ2011 አይ5 እና የ2021 አይ5 ስማቸው እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር ትንሽ ነው።

ከሶፍትዌሩ መጀመር ይቀላል። ዊንዶውስ ላይ በመፈለጊያው ሳጥን «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የማዘርቦርዱን ሠሪና ሞዴል፣ የባዮሱን እትምና ቀን ይሰጣችኋል። «ባዮስ ሞድ» በሚለው ትይዩ «ሌጋሲ» ካለ ኮምፒውተሩ በድሮው መንገድ ነው የሚነሳው፤ «ዩኢኤፍአይ» ካለ በአዲሱ። ሌጋሲ ማለቱ ግን ዩኢኤፍአይ የለውም ማለት ላይሆን ይችላል። ዊንዶውሱ ሲጫን በድሮው መንገድ ተጭኖ ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀር። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ላይ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ፣ ስንት የራም ስሎት (ማስገቢያ) እንደተያዘ ያሳያል። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ እዚያው ታገኙታላችሁ። ከዚህ ጠለቅ ያለ ከፈለጋችሁ ሲፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በየስሎቱ የተሰካውን ራም አንድ በአንድ፣ ከነሠሪውና ከነዓይነቱ ይዘረዝራል።

የኢንቴልን ቁጥር ማንበብ ከባድ አይደለም። አይ5-3470 ሲል ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 3 ሦስተኛ ትውልድ ማለት ነው። አይ7-8700 ስምንተኛ ነው። አይ5-10400 ላይ ግን 1ን ብቻ ይዛችሁ አንደኛ ትውልድ እንዳትሉ፤ ቁጥሩ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው ትውልዱ፣ ማለትም አሥረኛ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ፊደልም ትርጉም አለው። «ቲ» ካለ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱ የተቀነሰ ነው። «ኤፍ» ካለ ውስጡ ግራፊክስ፣ ማለትም ምስል የሚያወጣው ክፍል፣ የለውም፤ ለብቻው ካርድ ካልተሰካ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልበራ ካለ ወይም ዊንዶውሱ ከተበላሸ ሳጥኑን መክፈት ግድ ነው። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ። ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ፤ ሰውነት ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል። የማዘርቦርዱ ሞዴል ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩና በራሙ ወይም በካርድ ማስገቢያዎቹ መካከል በጉልህ ተጽፏል። ራሙ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጎን ላይ ያለውን ሠንጠረዥም እንዲሁ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሷቸው፤ በኋላ ዕቃ ስትመርጡ ማስታወስ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ምክንያቱም ምን መቀየር እንደሚቻል የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። የራሙን ዓይነት፣ የራሙን ጣሪያ፣ የሚቀበለውን ፕሮሰሰር፣ የዲስኩን ፍጥነት፣ ሁሉንም እሱ ነው የሚፈርደው። ሞዴሉን ካወቃችሁ በሠሪው ድረ ገጽ ላይ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮችና ራሞች ዝርዝር አለ። ያንን ሳያዩ ዕቃ መግዛት ቁማር ነው።

## የሚያንቀው የቱ ነው?

ኮምፒውተር የሚሄደው በጣም ቀርፋፋው ዕቃ ልክ ነው። ያንን ለማወቅ የዕለት ሥራችሁን እየሠራችሁ ታስክ ማናጀሩን ክፍት አድርጋችሁ ተመልከቱ። ባዶውን ተቀምጦ የሚያሳየው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 15 በመቶ ላይ ከተኛ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ አጥቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ራሙ ከ85 በመቶ በላይ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ ከተጨናነቀ ችግሩ የሁለቱም ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሻግራልና። ፕሮሰሰሩ ራሱ 100 በመቶ ላይ ከቆየ ደግሞ ምን እንደያዘው «ፕሮሰስስ» የሚለው ገጽ ላይ እዩ። አንዳንዴ የሚያንቀው ማንም የማይጠቀምበት፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማቀዝቀዣው አቧራ ከተጠቀጠቀበት ወይም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከደረቀ፣ ደህና የነበረ ኮምፒውተር ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ይደክማል። ይህ ዕቃ መግዛት አይፈልግም። አቧራውን መንፋትና ቅባቱን ማደስ ይበቃዋል። ሰዓቱ ሲጠፋ ሲበራ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሲአር2032 የተባለው ክብ ባትሪ አልቋል። የእጅ ሰዓት ባትሪ የምትመስለው። ሰዓቱ ሲዛባ ድረ ገጾች አንከፍትም ስለሚሉ ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

## ኤስኤስዲ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለው። የተለመደው የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ፈጣን ይመስላል። ግን አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ክንዱ ቦታውን ለማግኘት የሚወስደው ሲጨመርበት አንድ የተበታተነ ፋይል ለማግኘት በአማካይ 10 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በሰከንድ መቶ ፍለጋ አካባቢ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነባቸው ፋይሎች ደግሞ ትንንሽና በየቦታው የተበተኑ ናቸው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ። ኮምፒውተሩን አብርታችሁ ሌላ ሥራ ሠርታችሁ የምትመለሱት ለዚህ ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ መረጃውን በቺፕ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የትኛውም ቦታ ላይ ያለን ፋይል ለማግኘት 0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» ትልቅ ፋይል በአንድ ጊዜ ለመገልበጥ የሚጠቅም ቁጥር ነው። በዕለት ሥራ የምታዩት ለውጥ የሚመጣው ከዚህኛው፣ ከፍለጋው ፍጥነት ነው።

ለዚህም ነው «ማዘርቦርዴ የድሮ ሳታ 2 ስለሆነ ኤስኤስዲ አይጠቅመኝም» የሚለው ክርክር የማያሳምነው። ሳታ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ሳታ 3 በተግባር በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ ሳታ 2 ግማሹን። ግማሽም ሆኖ የፍለጋው ጊዜ ያው አጭር ስለሆነ ልዩነቱ ከሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም።

ኤንቪኤምኢ ስለሚባለውስ? ይህ እንደ ማስቲካ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ኤም.2 በሚባል ማስገቢያ የሚሰካ፣ ከሳታ ብዙ እጥፍ የሚፈጥን ኤስኤስዲ ነው። በአስማሚ ካርድ አማካኝነት ኤም.2 የሌለው ማዘርቦርድ ላይም ይሰካል። ችግሩ ከ2014 በፊት የተሠሩ ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ ከሱ ላይ ዊንዶውስ ማስነሳት አያውቁም። ዲስኩን ያዩታል፣ ፋይል ያስቀምጡበታል፣ ግን አይነሱበትም። ኤም.2 ማስገቢያ ቢኖርም ሳታ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ስለሚችል መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ተራው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ። ለቢሮ ሥራና ለድረ ገጽ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን ለማየት ያስቸግራል።

## ራም፦ ዓይነቱና ዋጋው

ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ሲሰፋ እጅ አይፈጥንም። የሚጠቅመው ሲጠብባችሁ ብቻ ነው። 4 ጊጋባይት ዛሬ ለአንድ ብራውዘር እንኳ ይጠባል። 8 ለተራ ሥራ ያኖራል። 16 ለአብዛኛው ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚፈልገው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ትልልቅ ፕሮግራም የሚያስኬድ።

ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች እርስ በርስ አይተካኩም። ከታች ያለው ጎድጓዳ ምልክት በየዓይነቱ ቦታው የተለያየ ነው፤ ካልገባ አትታገሉት፣ የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር4 በ1.2። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ ተራው ዴስክቶፕ ላይ አይገባም፤ በጣም ትንንሽ ዴስክቶፖች ግን እሱን ነው የሚጠቀሙት። የሰርቨር ራምም አለ፣ «ሬጂስተርድ» የሚባለው። ተነቅሎ ሲሸጥ በርካሽ ይገኛል፣ ስሎቱ ላይም ግጥም ይላል፣ ግን ተራ ዴስክቶፕ ከሱ ጋር አይነሳም።

ጣሪያም አለ። ለምሳሌ ኤች61 የተባለው የኢንቴል ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች ከ16 ጊጋባይት አያልፉም። ቺፕሴት ማለት ማዘርቦርዱ ላይ የዕቃዎቹን ግንኙነት የሚያስተናግደው ክፍል ነው። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ ብትጨምሩም አይጠቀምበትም፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት መሸጋገር ይቀድማል። ሁለት እኩል ራሞችን መሰካት ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያነባቸዋል። ይህ በተለይ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይ ይታያል።

ስለ ዋጋው፣ «ራም እኮ ርካሽ ነው» የሚለው የድሮ ምክር በ2025 መጨረሻ ተሰብሯል። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ በገፍ መግዛት ጀመሩ። ቺፕ ሠሪዎቹም ፋብሪካቸውን የተሻለ ወደሚያተርፋቸው አዞሩ። የዲዲአር4 ምርትም በዚያው ዓመት ወደ መቀነስ ሄዷል። በዲሴምበር ቺፕ ሠሪው ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ ራም አስፈላጊ መሆኑን በቁጥር ሳያዩ «ለማንኛውም ይጨመር» ማለት የበፊቱን ያህል ቀላል ውሳኔ አይደለም።

## ፕሮሰሰር መቀየር

እዚህ ላይ መንገዱ ይጠባል። ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት የሚቀበለው የተወሰኑ ትውልዶችን ነው። በኢንቴል፣ ኤልጂኤ 1155 የሚባለው 2ኛና 3ኛ ትውልድን ይቀበላል። ኤልጂኤ 1150 በዋናነት 4ኛን። ኤልጂኤ 1151 ደግሞ ትንሽ ያናድዳል፦ 6ኛና 7ኛ ትውልድ በዚህ ሶኬት ነው የሚገቡት፣ 8ኛና 9ኛም በዚሁ ስም ባለው ሶኬት። ቁጥሩ አንድ፣ ቅርጹ አንድ። ግን የመጀመሪያዎቹ ማዘርቦርዶች ኋለኞቹን ፕሮሰሰሮች አይቀበሉም። የ7ኛ ትውልድ ኮምፒውተር ያለው ሰው 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ወደ ዊንዶውስ 11 እሻገራለሁ ካለ ገንዘቡ ውሃ በላው።

ስለዚህ በድሮ ኢንቴል ላይ ማድረግ የሚቻለው በዚያው ትውልድ ውስጥ ወደ ላይ መውጣት ነው። አይ3-3220 ያለበት ኮምፒውተር ላይ አይ7-3770 መሰካት ከሁለት ኮር ወደ አራት ያሸጋግራል። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ መሥራት የሚችል ክፍል ነው። ለውጡ ይታያል። ማዘርቦርዱ መቀበሉ ይረጋገጥ፤ የሚፈጀው ኃይልም ከ55 ወደ 77 ዋት ስለሚያድግ ማቀዝቀዣው እንደሚችለው ይታይ።

ኤኤምዲ ዘንድ ሁኔታው የተሻለ ነው። ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ከመጀመሪያው የራይዘን ትውልድ፣ ከ2017 ጀምሮ፣ እስከ ራይዘን 5000 ድረስ ዘልቋል። ብዙ የ2017 ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ ራይዘን 5000ን ይቀበላሉ። መጀመሪያ ላይ «ከጥቂት አጋጣሚዎች በቀር» ያልነው አንዱ ይሄ ነው። ዊንዶውስ 11 የማይፈቀድለት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ተቀይሮ የሚፈቀድለት ይሆናል። ባዮሱን ግን አዲሱን ፕሮሰሰር ከመሰካታችሁ በፊት አድሱት፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኮምፒውተሩ አይነሳም። በማደሱ መሃል መብራት ቢጠፋ ደግሞ ማዘርቦርዱን ሊገድለው ስለሚችል መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትሞክሩት።

## ግራፊክስ ካርድና ፓወር ሰፕላይ

ጌም የማይጫወት ሰው ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም የሚባለው በአብዛኛው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ይረሳል። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ቪዲዮ ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉ አዳዲስ የማመቂያ ዘዴዎች ነው በብዛት የሚመጣው። እነዚህን የሚፈታ ክፍል የሌለው ግራፊክስ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ይጥለዋል። ኢንቴል ቪፒ9ን በሙሉ መፍታት የጀመረው በ7ኛው ትውልድ፣ ኤቪ1ን በ11ኛው ነው። ቪዲዮ ስትከፍቱ ፋኑ እንደ አውሮፕላን የሚጮኸው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ትንሽ ካርድ ይጠቅማል።

ካርዱን ከመምረጥ በፊት የኃይሉ ሒሳብ ይቀድማል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ የካርድ ማስገቢያ ራሱ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምራል። የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ እነዚህ ገመዶች የሏቸውም። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ካላችሁ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬት የራሳቸው ስለሆነ ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ አስማሚ አይገጥምም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር በማስገቢያው ኃይል ብቻ የሚሠሩ ካርዶች አሉ፤ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚመጡ ሞዴሎች አሉት፣ አጭር ሆኖ ለቀጫጭን ሳጥኖች የተሠራም አለው። በጣም አሮጌ፣ ዩኢኤፍአይ የሌለው ማዘርቦርድ ላይ ግን አዳዲስ ካርዶች ምስል ላይሰጡ ይችላሉ።

ፓወር ሰፕላይ ራሱም ያረጃል። ያለ ምክንያት ዳግም የሚነሳ፣ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ድርግም የሚል ኮምፒውተር መጀመሪያ እሱ ይጠርጠር። ፈትታችሁ ግን ውስጡን አትንኩ። ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል።

## የደህንነቱ ክርክር

ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያስቀመጥኩት ለደህንነት ነው ይላል። ቁልፎች በሃርድዌር ሲጠበቁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተነካካ ፕሮግራም ጣልቃ እንዳይገባ ሲፈተሽ፣ ሰርጎ መግባት በእርግጥ ይከብዳል። ይህ ፈጠራ አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከ2017 በፊት የተገዛ፣ በደንብ የሚሠራ ኮምፒውተር በመስፈርት ብቻ ወደ ቆሻሻ ይገፋል ይላሉ። እነሱም ሒሳብ አላቸው። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ያመነጨችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነው፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ቲፒኤም 2.0 መጠየቁ አሳማኝ ነው። ቲፒኤም 2.0 ያላቸውን የ6ኛና 7ኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች በፕሮሰሰር ዝርዝር መጣል ግን ለማስረዳት ይከብዳል።

እስከዚያው ያለው ምርጫ ሦስት ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደህንነት ማዘመኛ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚሰጥበት ፕሮግራም አቅርቧል፤ ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ሁለተኛው መስፈርቱን ዘሎ ዊንዶውስ 11 መጫን ነው። ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ብዙዎች ያደርጉታል፣ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ኮምፒውተር ማዘመኛ የመስጠት ግዴታ የለብኝም ብሏል፤ በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም በድሮዎቹ፣ በኢንቴል ኮር 2 ዱዎ ዘመን ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ አይነሳም። ሦስተኛው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ነፃ ሥርዓተ ክወና፣ ሊነክስ ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ሊነክስ ሚንት 2 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል ይላል፣ 4 ይመክራል። ሥራው ብራውዘር፣ ኢሜይልና ጽሑፍ ለሆነ ሰው የተሻለው መንገድ ይሄ ይመስለኛል። ፎቶሾፕ ወይም ሙሉው ማይክሮሶፍት ኦፊስ እንጀራው የሆነ ሰው ግን ባይሞክረው ይሻላል። እነዚያ እዚያ በቀጥታ አይጫኑም።

ድጋፍ በሌለው ዊንዶውስ 10 ዝም ብሎ መቀጠልስ? ኮምፒውተሩ በማግስቱ አይሞትም። አደጋው ቀስ በቀስ ነው የሚከማቸው፤ አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የማይደፈን ሆኖ ይቀራል። ባንክና የይለፍ ቃል የሚገባበት ኮምፒውተር ከሆነ አይመከርም።

## መቼ ይበቃል?

ኤስኤስዲ ብቻ፣ ወይም ኤስኤስዲና ራም ከሆነ የሚፈለገው፣ ከ2ኛው የኢንቴል ትውልድ ወዲህ ላለ ኮምፒውተር ወጪው አይቆጭም። ከዚያ በፊት ያለው፣ የኮር 2 ዘመኑ ሼባ፣ ኤስኤስዲ ቢደረግለትም ድረ ገጾቹ ራሳቸው ይከብዱታል። ራም፣ ፕሮሰሰርና ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ መቀየር አለባቸው የሚባልበት ደረጃ ከተደረሰ ግን የምትገዙት ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ በክፍልፋይ ነው እንጂ። በ2023 የወጣው ኤን100 የተባለው ትንሽዬ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ6ኛው ትውልድ ኮር አይ5 ጋር የሚቀራረብ አቅም አለው። የተመደበለት ኃይል 6 ዋት ነው፤ የ2011ዱ አይ5-2500 ግን 95 ዋት ነበር። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ኮምፒውተር ይህ ልዩነት መብራት ሒሳብ ላይ ይታያል።

ኤስኤስዲ ያስገባ ሰው እጁ ላይ የድሮው ሃርድ ዲስክ ይቀራል። ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን እዩት። ጤነኛ ከሆነ የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ይሆናል። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ የተበላሹ ቦታዎች እየበዙ ነውና ያለውን ፋይል ዛሬውኑ አውጡ። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ዲሊት ማድረግም ሆነ ፈጣኑ ፎርማት መረጃውን አያጠፋውም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚሰርዘው። «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉ ፎርማት አስጀምሩት፤ ለአንድ ቴራባይት ሰዓታት ይፈጃልና ማታ አስጀምራችሁት ተኙ።